የትኛውን ቴስት እናስኪድ፣ የትኛውን እንደብቅ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላፕቶፕ ይዘው ከቤት የሚሠሩ ልጆች በዝተዋል። በታክሲ ተጋፍቶ ቦሌ ድረስ ከመመላለስ እዚሁ ቁጭ ብሎ መሥራት ይሻላል፤ መብራት እስካለ ድረስ። አዲስ ጀማሪዎች ሲቀላቀሉን ስለ ቴስት፣ ማለትም ኮዳችን በትክክል መሥራቱን ስለሚፈትን አጭር ፕሮግራም፣ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፤ እዚህ ሰብሰብ አድርገናቸዋል። የትዕዛዞቹን ስም የጻፍነው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ኮድ በነካን ቁጥር ሁሉንም ቴስት ማስኬድ አለብን?

የለባችሁም። ሁሉም ለማለቅ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በዚያ መሃል ቴሌግራም ይከፈታል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ስትመለሱ ምን ልትሠሩ እንደነበር ትረሳላችሁ። በዚያ ላይ ሙሉ ቴስት ፕሮሰሰሩን ስለሚያስጨንቀው ባትሪ ይበላል። መብራት በሄደበት ቀን ይሄ ቀልድ አይደለም።

ኮድ እየጻፋችሁ ሳለ የምትፈልጉት በሰከንዶች ውስጥ የሚመጣ መልስ ነው፤ አሁን የነካሁት ነገር ሠራ ወይስ ተበላሸ? ለዚህ ጥቂት ቴስቶች ይበቃሉ። ፑሽ ከማድረጋችሁ (ኮዱን ወደ ጋራ ማከማቻው ከመላካችሁ) በፊት የሞጁሉን፣ ማለትም የነካችሁትን የኮድ ክፍል፣ ቴስቶች በሙሉ አስኪዱ። ከዋናው ብራንች (ሁላችን ከምንጋራው ዋና የኮድ ቅጂ) ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ደግሞ ሁሉም መሄድ አለባቸው፤ ይህን የመጨረሻውን ቴስት በራሱ ለሚያስኬደው ሰርቨር ተዉለት። የሰርቨሩ መብራት አይሄድም።

ማስኬድና ማሳየት አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ያልሄደ ቴስት ምንም አልነገራችሁም። ሄዶ ያለፈ፣ ግን ከስክሪኑ የተደበቀ ቴስት ሥራውን ሠርቷል፤ ዝም ነው ያለው። ችግሩ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አለመታየታቸው ነው። ስለዚህ አንድ ቴስት ከዝርዝሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹አልፎ ነው የተደበቀው ወይስ ከነጭራሹ አልሄደም?› የሚል ነው።

ለማሳየት ብቻ የሚያገለግሉ ማጣሪያዎች ሞልተዋል። ከኮድ መጻፊያዎቹ ኢንቴሊጄ ያለፉትን የሚደብቅና መልሶ የሚያሳይ ቁልፍ አለው። ቪኤስ ኮድ የቴስት ገጹ ላይ የማጣሪያ ሳጥን አለው፤ ‹አት ፌልድ› ብላችሁ ስትጽፉ የወደቁት ብቻ ይቀራሉ። የሩስት ቋንቋ መሣሪያ የሆነው ካርጎ ደግሞ ሳትጠይቁት፣ ያለፈ ቴስት ያተመውን ጽሑፍ ዋጥ ያደርገዋል፤ የሚያወጣው የወደቀውን ብቻ ነው። ሩስት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ‹ፕሪንት አድርጌ ነበርኮ፣ የት ገባ?› የሚለው ለዚህ ነው። ‹ኖ ካፕቸር› የሚለውን ምርጫ ስትጨምሩ ይመጣል።

እኛ ጋ ደንቡ አጭር ነው። ያለፈውን እንደልባችሁ ደብቁ። የወደቀውን አትደብቁ። የተዘለለውን ዝርዝሩን ብትደብቁም ቁጥሩን አትደብቁ። ‹240 አለፉ› የሚልና ‹240 አለፉ፣ 31 ተዘለሉ› የሚል ስክሪን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የሚናገሩት ግን ለየቅል ነው።

አንድ ቴስት ብቻ ለይተን ማስኬድ ብንፈልግስ?

ሁሉም መሣሪያ በስም ያጣራል። ፓይቴስት (የፓይተን ቴስት ማስኬጃ) ላይ የ‹ኬ› ምርጫ የቴስቱን ስም ቁራጭ ይቀበላል። የጃቫስክሪፕቱ ጄስት ላይ ‹ቲ›፣ ጎ ቋንቋ ላይ ‹ራን›፣ የጃቫው ግሬድል ላይ ‹ቴስትስ›፣ የፒኤችፒው ፒኤችፒዩኒት ላይ ‹ፊልተር› ነው። ላራቬል የምትሠሩም በ‹አርቲሳን ቴስት› በኩል ያንኑ ‹ፊልተር› ትጠቀማላችሁ። ኤዲተር ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ከቴስቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ምልክት መጫን ነው፤ ትዕዛዝ ማስታወስም አያስፈልግም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ስሙን በስህተት ጽፋችሁ አንድም ቴስት ባይገኝስ? መሣሪያዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ፓይቴስት የተመረጠ ቴስት ከሌለ በኮድ 5 ይወጣል (ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር ነው፤ 0 ካልሆነ ውድቀት ማለት ነው)፤ ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ውድቀት ብሎ ይይዘዋል። ጎ ግን የሚሄድ ቴስት እንደሌለ ማስጠንቀቂያ ያትምና ‹ኦኬ› ብሎ በሰላም ይወጣል። ጄስትም በ‹ቲ› የሰጣችሁት ስም ከምንም ጋር ካልገጠመ ሁሉንም ስኪፕ አድርጎ (ዘሎ) ሳይወድቅ ያልቃል። ቸኩሎ ላየው ሰው ያለፈ ይመስላል። ስለዚህ በስም ስታጣሩ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን እዩ። ስንት ሄደ? ዜሮ ከሆነ ገና ምንም አልፈተናችሁም።

ምን ሊሄድ እንደሆነ ቀድሞ ማየትም ይቻላል። ፓይቴስት ላይ ‹ኮሌክት ኦንሊ› ስትሉት ምንም ሳያስኬድ የተመረጡትን ይዘረዝራል። ረጅም ማጣሪያ የምትጽፉ ከሆነ ይህን ልመዱት።

ባለፈው የወደቁትን ብቻ መድገም ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእኛም በጣም የሚጠቅመን ይሄ ነው። ፓይቴስት ‹ላስት ፌልድ› ስትሉት ባለፈው የወደቁትን ብቻ ይደግማል። ‹ፌልድ ፈርስት› ስትሉት የወደቁትን አስቀድሞ ቀሪዎቹን ያስከትላል። ‹ኤክስ› ሲጨመር የመጀመሪያው ውድቀት ላይ ይቆማል። ጄስት በዎች ሞድ (ፋይል ሲቀየር ቴስቱን ራሱ በሚደግምበት ሁኔታ) ላይ ሳለ ‹ኤፍ› የሚለውን ፊደል መጫን ይበቃል።

ፓይቴስት የወደቁትን ስም የሚይዘው ፕሮጀክቱ ውስጥ ባለች የካሽ (የጊዜያዊ ማስቀመጫ) ፎልደር ነው። ዲስክ ላይ ስለሆነ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪ አልቆ ላፕቶፑ ቢዘጋም በማግስቱ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ግን መዝገቡ የሚጻፈው ቴስቱ ሲያበቃ ነው። መሃል ላይ ላፕቶፑ ድርግም ካለ የዚያ ዙር ውጤት አይመዘገብም፤ የምታገኙት ከዚያ በፊት የነበረውን ዝርዝር ነው።

ደግሞም ያለፈው ዙር አንድም የወደቀ ከሌለው ‹ላስት ፌልድ› ሁሉንም ያስኬዳል። ‹ለምንድን ነው ዛሬ ሁሉም የሚሄደው?› ብላችሁ እንዳትደነግጡ። መልካም ዜና ነው።

የነካነውን ፋይል የሚመለከቱ ቴስቶችን ብቻ መሣሪያው ራሱ አይመርጥልንም?

ይመርጣል። ጄስት ‹ኦንሊ ቼንጅድ› ሲባል ጊትን (የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን) ጠይቆ የተቀየሩትን ፋይሎች ያገኛል፤ ከዚያ እነሱን ኢምፖርት የሚያደርጉትን (ጠርተው የሚጠቀሙባቸውን) ቴስቶች ያስኬዳል። ሌላው የጃቫስክሪፕት ቴስት ማስኬጃ ቪቴስትም ‹ቼንጅድ› የሚል ምርጫ አለው። ፓይተን ላይ ቴስትሞን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ የትኛው ቴስት የትኛውን ኮድ እንደነካ መዝግቦ ይዞ ከዚያ ይመርጣል። ጎ በበኩሉ ምንም ካልተቀየረ ያለፈውን ውጤት ከካሽ አውጥቶ ያሳያችኋል። የምር እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ‹ካውንት›ን 1 አድርጉት።

እምነታችሁን ግን ሙሉ በሙሉ አትጣሉበት። ኢምፖርት ተከትሎ የሚመርጥ መሣሪያ የሚያየው ኮድን ነው። የዳታቤዝ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይር ፋይል)፣ የኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ የሚነበብ የኤስኤምኤስ ቴምፕሌት ብትቀይሩ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የነካችሁ ቀን ሁሉንም አስኪዱ።

ቴስት ስኪፕ ማድረግ መቼ ነው ያለበት?

ቴስቱ እዚህ ቦታ ላይ ትርጉም ከሌለው ስኪፕ ይደረጋል። ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ቴስት ሊነክስ ላይ መሄድ የለበትም። የክፍያ ድርጅት የሙከራ ሰርቨር የሚፈልግ ቴስት ኢንተርኔት በሌለበት ቢዘለል አያስከፋም። ፓይቴስት ላይ ‹ስኪፕ ኢፍ› ለዚህ ነው የተሠራው። የጃቫው ጄዩኒት 5 ላይ ‹ዲሴብልድ› አለ፣ ሁኔታ እያዩ የሚሠሩ ዘመዶችም አሉት።

‹ስለወደቀብኝ› የሚለው ግን ምክንያት አይሆንም። አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ።

ቴስቱ ‹ዛሬ የተቆረጠ ደረሰኝ የዛሬ ሪፖርት ውስጥ ይገኛል› ይላል። ኮዱ ቀኑን የሚወስደው ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ ቴስቱ ደግሞ ከላፕቶፑ ሰዓት። አዲስ አበባ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ዩቲሲ ገና ትናንት ላይ ነው። ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶበት ሌሊት የሚሠራ ልጅ ቴስቱ ይወድቅበታል። ጠዋት ሲያየው አልፏል። ሰርቨሩ ላይም አይወድቅም፤ ቴስቱን የሚያስኬዱልን የጊትሃብ (የኮድ ማከማቻው ድረ ገጽ) ማሽኖች ሰዓታቸው ራሱ ዩቲሲ ስለሆነ ሁለቱም ቀኖች ይገጥማሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ‹አንዳንዴ ይወድቃል› ብሎ ስኪፕ ቢያደርገው ማን ይፈርድበታል? ግን ቴስቱ እውነቱን ነበር የተናገረው። ሌሊት ደረሰኝ የሚቆርጥ ፋርማሲ ካለ ሪፖርቱ ይሳሳታል።

መፍትሔው ሰዓቱን ማሰር ነው። ፓይተን ላይ ፍሪዝገን፣ ጄስት ላይ ‹ፌክ ታይመርስ› ቴስቱ ሁልጊዜ አንድ የተወሰነ ሰዓት ላይ ያለ እንዲመስለው ያደርጋሉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አስራችሁ አስኪዱት። ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ያኔ ኮዱን ታስተካክላላችሁ። በዚሁ ዘዴ ጳጉሜንም መፈተን ይቻላል። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በ4 ዓመት አንዴ ነው፤ 2015 ነበረው፣ 2019ም አለው። ያቺን ቀን ጠብቆ የሚፈተን ሰው የለም። ሰዓቱን ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ላይ ማሰር፣ ከዚያ አንድ ቀን ጨምሮ መስከረም 1 ቀን 2016 መምጣቱን ማየት ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት።

ስኪፕ ካደረግነው በኋላስ እንዴት አንረሳውም?

ምክንያቱን ጻፉበት፤ አንድ መስመር ይበቃል። ፓይቴስት ላይ ‹አር ኤስ› ስትሉት የተዘለሉትን ከነምክንያታቸው መጨረሻ ላይ ይዘረዝርላችኋል። ‹በኋላ ይታያል› ምክንያት አይደለም።

የታወቀ ችግር ያለበትና ገና ያልተስተካከለ ኮድ ከሆነ ከስኪፕ ይልቅ ‹ኤክስፌል› ይሻላል። ቴስቱ ይሄዳል፣ መውደቁም ይጠበቃል። ‹ስትሪክት› ካደረጋችሁት ደግሞ አንድ ቀን ሳይታሰብ ሲያልፍ ውድቀት ሆኖ ይቆጠራል፤ ማለትም ‹ችግሩ ተስተካክሏል፣ ምልክቱን አንሱት› ብሎ ያስታውሳችኋል። ስኪፕ ይህን አያደርግም፤ አንዴ ከተኛ የሚቀሰቅሰው የለም።

ቴስቱን ኮሜንት አድርጎ (ኮምፒውተሩ እንዳያነበው ምልክት አድርጎበት) መተው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ማንም አይቆጥረውም፣ የትም ሪፖርት ላይ አይወጣም።

‹ኦንሊ› የሚለውን ረስተን ፑሽ ብናደርግስ?

ይሄ በጃቫስክሪፕት ሰፈር የተለመደ ነው። አንድ ቴስት ላይ ለማተኮር ‹ቴስት ዶት ኦንሊ› ይባላል፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ቴስቶች ሁሉ ይዘለላሉ። ከዚያ ሥራው ያልቃል፣ ኮሚት ይደረጋል (ለውጡ ጊት ላይ ይመዘገባል)። ሰርቨሩም አረንጓዴ ይሰጣል፤ የሄደው አንዱ አልፏላ።

‹ተጠንቀቁ› ማለት አይበቃም፤ መሣሪያው ይከልክልላችሁ። ሌላው የጃቫስክሪፕት ቴስት ማስኬጃ ሞካ ‹ፎርቢድ ኦንሊ› የሚል ምርጫ አለው። ፕሌይራይትም በዚሁ ስም ኮንፊጉ ውስጥ አለው። ቪቴስት ሲአይ (ቴስት በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይ መሆኑን ካወቀ ኦንሊ ሲያገኝ ሳታዙት ይወድቃል። ጄስት ለምትጠቀሙ ኢኤስሊንት (የኮድ ስህተት መርማሪ) ላይ የጄስት ፕለጊን ‹ኖ ፎከስድ ቴስትስ› የሚል ሕግ አለው።

ቴስቶቹን በታግ እንከፋፍላቸው?

አዎ፣ ግን አታብዙት። እኛ ሁለት ታግ ነው ያለን። አንደኛው ‹ዘገምተኛ›፣ ሁለተኛው ‹ኔትወርክ›። ታግ የሌለው ሁሉ ፈጣን ነው፣ ሁልጊዜም ይሄዳል። ‹ኔትወርክ› የሚለውን ለብቻው ያደረግነው ብዙ ሰው በሞባይል ዳታ ስለሚሠራ ነው። ፓኬጅ አልቆበት ቴስት የወደቀበት ልጅ ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ማምሸት የለበትም።

ፓይቴስት ላይ ማርከር፣ ጄዩኒት 5 እና ጃንጎ ላይ ታግ ይባላል። ጎ ላይ ‹ሾርት› የሚል ምርጫ አለ፤ ረጅሙ ቴስት ራሱ ጠይቆ ይዘለላል። ፓይቴስት የምትጠቀሙ ‹ስትሪክት ማርከርስ› አብሩ። ካልበራ አንድ ፊደል የተሳሳተ ማርከር ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፤ ‹ዘገምተኛ› ያላችሁት ቴስት ከፈጣኖቹ ጋር ሲሄድ ይኖራል። ከበራ ግን ያልተመዘገበ ስም ሲያይ ኤረር ይሰጣል።

በሰው ስም ወይም በስፕሪንት (በአጭር የሥራ ዙር) ቁጥር ታግ አትስጡ። ሰው ይለቃል፣ ስፕሪንት ያልፋል።

አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ምን ይደረግ?

ብቻችሁን አይደላችሁም። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ከቴስቶቹ 16 በመቶ የሚጠጉት የዚህ ዓይነት ጠባይ እንዳለባቸው ተናግሯል።

ቀላሉ መንገድ ሲወድቅ እንደገና ሞክር ማለት ነው። እኛ አንወደውም። ሁለተኛው ሙከራ ሲያልፍ የመጀመሪያው ውድቀት ከዓይን ይጠፋል፤ መደበቅ ማለት ይሄው ነው። የግድ ከሆነ የተደገመበት ቁጥር ሪፖርት ላይ ይውጣ። የተሻለው ቴስቱን ለይቶ ለብቻው ማስኬድ ነው፤ መርጅ (ከዋናው ብራንች ጋር መቀላቀልን) አያግድ፣ ግን በየቀኑ ይሂድ፣ ውጤቱም ይታይ። ከላይ እንዳየነው ደረሰኝ፣ ‹አንዳንዴ› ከሚለው ጀርባ ብዙ ጊዜ ሰዓት፣ የቴስቶች ቅደም ተከተል ወይም ሁለት ቴስቶች የሚጋሩት ዳታቤዝ አለ።

ጊትሃብ አክሽንስ ላይ ሰነድ ብቻ ሲቀየር ቴስት እንዳይሄድ አድርገን፣ አሁን መርጅ ማድረግ አቃተን። ለምን?

ቼኩ፣ ማለትም ከመርጅ በፊት ማለፍ ያለበት ፍተሻ፣ የግዴታ ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። ወርክፍሎው (ጊትሃብ የሚያስኬደው የሥራ ቅደም ተከተል) በሙሉ በፋይል ማጣሪያ ሲዘለል ቼኩ ‹ፔንዲንግ› ላይ ይቀራል። ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ውጤት አይመጣም፤ ፑል ሪኩዌስቱም (የመርጅ ጥያቄው) ታግዶ ይቆያል።

ወርክፍሎው ጀምሮ በውስጡ ያለ አንድ ጆብ (አንድ ሥራ) በ‹ኢፍ› ሁኔታ ከተዘለለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተዘለለው ጆብ እንደተሳካ ይቆጠራል። ለሰነድ ለውጥ የሚመቸው ይሄኛው ነው። ግን ሁኔታውን አሳስታችሁ ከጻፋችሁት ኮድ ሲቀየርም ቴስቱ ይዘለላል፣ አረንጓዴም ይሰጣል። የመጀመሪያው ስህተት ያናድዳል፤ ሁለተኛውን ማንም አያየውም። እኛ ከሁለተኛው ጋር ስለምንሠራ፣ መርጅ ከሆነ በኋላ ዋናው ብራንች ላይ ምንም ማጣሪያ ሳይኖር ሁሉም ቴስት እንዲሄድ አድርገናል።

ስክሪኑ በጽሑፍ ተጥለቅልቆ ስህተቱን ማግኘት አቃተን።

ፓይቴስት ላይ ‹ኪው› ጨምሩ፣ ‹ቲቢ›ን ‹ሾርት› አድርጉት። የትኛው ቴስት ጊዜ እንደሚፈጅ ለማየት ‹ዱሬሽንስ›ን 10 በሉት፤ አሥሩን ቀርፋፎች ያወጣቸዋል። ‹ዘገምተኛ› ታግ ለማን እንደሚገባ በግምት አትወስኑ፣ ከዚህ ዝርዝር ውሰዱ።

አለቃ ‹ቴስቱን ዝለሉትና ዛሬ ይልቀቅ› ቢልስ?

ይላል። ደንበኛ ስልክ እየደወለ ሲጮህበት ምን ያድርግ? ቢያንስ የምትዘሉትን እወቁት። የጃቫው ሜቨን ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ምርጫዎች አሉ። ‹ስኪፕ ቴስትስ› የቴስቱን ኮድ ኮምፓይል ያደርጋል (ወደ ማሽን ሊያስኬደው ወደሚችል መልክ ይቀይራል)፣ አያስኬድም። ‹ሜቨን ዶት ቴስት ዶት ስኪፕ› ግን ኮምፓይልም አያደርግም። በመጀመሪያው የፉንክሽን ስም ቀይራችሁ ቴስቱን ካላስተካከላችሁ ወዲያው ይታወቃል። በሁለተኛው ምንም አይታወቅም። የግድ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ በየትኛው ኮሚት ላይ እንደተዘለለም እዚያው ፑል ሪኩዌስቱ ላይ ጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ሙሉው ቴስት ከተለቀቀው ኮሚት ላይ ይሂድ።

ላፕቶፓችን ራሙ ትንሽ ነው፤ ቴስት ሲጀምር ይደርቃል።

ጄስት ሥራውን ለብዙ ዎርከር (ጎን ለጎን ለሚሠሩ ፕሮግራሞች) ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ዎርከር የራሱን ራም ይወስዳል። ‹ማክስ ዎርከርስ›ን 2 አድርጉት ወይም ‹ራን ኢን ባንድ› ብላችሁ አንድ በአንድ አስኪዱት። ፓይቴስትን በኤክስዲስት (ቴስቶችን ጎን ለጎን በሚያስኬደው ተጨማሪ መሣሪያ) የምታስኬዱም ‹አውቶ› ከማለት ቁጥሩን ራሳችሁ ስጡት። ክሮምንም ዝጉት።